ሞተር ሲግል ምን እናድርግ?



ሻሸመኔ የመንገዶች መገናኛ ናት። አንዱ መንገድ በአርሲ ነገሌና በዝዋይ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል። አንዱ ወደ ሐዋሳ፣ አንዱ በአላባ ወደ ወላይታ ሶዶ ይሄዳል። ሌላው በኮፈሌና በዶዶላ አድርጎ ወደ ባሌ ይወጣል። በነዚህ መንገዶች እህላችሁን የሚጭነው መኪና ሞተር አለው። ማሳችሁን የሚያርሰው ትራክተርና በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮም ሞተር አላቸው። ሞተር ከመጠን በላይ ሲግል ይቆማል፤ ሰውም ያቃጥላል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው።

«መኪና የለኝም፤ እኔን ምን አገባኝ?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ያገባዋል። ኮምባይነር በአጨዳ ወቅት ቢቆም የደረሰው ስንዴ ማሳ ላይ ይቀራል። በመኪና ላይ ረዳት ሆኖ የጋለውን ክዳን የሚከፍተው ልጅም ብዙ ጊዜ የገበሬ ልጅ ነው።

ሞተር ለምን ይሞቃል? ናፍጣው በሞተሩ ውስጥ ስለሚቃጠል ነው። ከሦስት ሊትር ናፍጣ ሥራ የሚሠራው የአንዱ ሊትር ያህል ጉልበት ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከፊሉ በጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ ከፊሉን ውሃ ይወስደዋል። ፓምፑ ውሃውን በሞተሩ ውስጥ ያዞረዋል። ውሃው ሙቀቱን ይዞ ወደ ራዲያተሩ ይመጣል። እዚያ ነፋስ ያበርደዋል፤ ከበረደ በኋላ ተመልሶ ይገባል። እንግዲህ ውሃው ቢጎድል፣ ፓምፑ ቢደክም ወይም ነፋሱ ቢታገድ ሞተሩ ይግላል።

ሌላም ነገር አለ። በባሕር ዳርቻ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ሻሸመኔ ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል እዚህ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ93 ወይም በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮፈሌ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ከፍ ያለ ነው፤ ውሃም እዚያ ቶሎ ይፈላል። ጭነት የያዘ መኪና ዳገቱን ሲወጣ ሞተሩ ይደክማል። ቀስ ብሎ ስለሚሄድም ነፋስ ያንሰዋል። ብዙ መኪና ዳገት ላይ ውሃ የሚያፈላው በዚህ ምክንያት ነው።

የራዲያተሩ ክዳን እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል። የታፈነ ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ክዳኑ ሲከፈት ግን ወዲያው ይገነፍላል። የጀበና ግንፈላ ምድጃ ያጠፋል፤ ይህኛው ግን ፊት ይልጣል፤ ዓይን ያጠፋል።

ስለዚህ ሞተር ሲግል እንዲህ እናድርግ።

አንደኛ፤ መኪናውን ዳር አስይዞ ማቆም፤ ሞተሩን ማጥፋት። «ትንሽ ብቻ ነው የቀረን» ብሎ መንዳት ሞተሩን ይገድለዋል።

ሁለተኛ፤ ክዳኑን አለመንካት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ያስፈልጋል። የላይኛው የላስቲክ ቱቦ በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ገና ነው። ከበረደ በኋላ በወፍራም ጨርቅ ይዞ፣ ፊትን አርቆ፣ ቀስ አድርጎ መክፈት።

ሦስተኛ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አለማፍሰስ። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢደፋ ምን ይሆናል? እናቶቻችን ያውቁታል፤ ይሰነጠቃል። ብረትም እንደዚሁ ነው። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ በጥቂት በጥቂቱም ይጨመር።

ውሃ ስለ ተጨመረ ግን በሽታው ድኗል ማለት አይደለም። ትኩሳት የወባ ምልክት እንደሚሆን ሁሉ ሙቀትም የሌላ ጉድለት ምልክት ነው። ምክንያቱን በተራ እንፈልግ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሞተሩ ጠፍቶና በርዶ ሳለ ነው።

ከሥር መሬቱ ረጥቧል? ቱቦው ወይም ራዲያተሩ ያፈሳል ማለት ነው። ቺንጊያ የሚባለው የላስቲክ ቀበቶ ላልቷል ወይስ ተበጥሷል? በብዙ ሞተር ላይ ፓምፑን የሚያዞረው እሱ ነው። በራዲያተሩ ፊት ገለባና ጭቃ ተጠቅጥቋል? በአጨዳ ጊዜ ትራክተርንና ኮምባይነርን የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ በብሩሽና በውሃ ይጸዳል። ዘይቱስ ቡና በወተት መስሏል? እንግዲያው ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ወይም ቴስታታው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሞተሩን ማስነሣት አይገባም፤ መካኒክ ይጠራ።

የምንጨምረውንም ውሃ እንምረጥ። የሻላና የአብያታ ሐይቆች ውሃ ጨውና ሶዳ ይበዛበታል። እንዲህ ያለ ውሃ ብረቱን ይበላል፤ ጠባቡንም መተላለፊያ ይደፍናል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ማንበብና መጻፍ የሚረዳን እዚህ ላይ ነው። በሹፌሩ ፊት የሙቀት መለኪያ አለ። መርፌው ወደ ቀዩ ምልክት ሲጠጋ አደጋ ነው፤ ማየት የቻለ ሁሉ ለሹፌሩ ይንገር። ትራክተር ወይም ወፍጮ በጋራ የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ደብተር ይኑራችሁ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ የተጨመረውን ውሃ ጻፉ።

ሰኞ፣ ምንም።
ማክሰኞ፣ ግማሽ ሊትር።
ረቡዕ፣ 1 ሊትር።
ሐሙስ፣ 3 ሊትር።

ይህን ያነበበ ሰው ውሃው የሚጠፋበት ቦታ እንዳለ ያውቃል። ቱቦው መንገድ ላይ ሳይፈነዳ፣ ስንዴው ማሳ ላይ ሳይቀር ይደርስበታል። የሚነዳው ሰው «ይህ ሞተር ድሮም ውሃ ይጠጣል» ቢላችሁ ደብተሩን አሳዩት። ጤነኛ ሞተር በየቀኑ ውሃ አይጠጣም።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።