ጡሩምባው ሲነፋ ማን ምን ይዞ ይምጣ?

(በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነገረ፤ ላልተገኙ አባላት እንዲነበብ የተለጠፈ)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ቀብር አይደለም። ጡሩምባ ሲነፋ ሁላችንም የለመድነው አንድ ነገር ነው። ሰው ሞቷል ብለን ነጠላችንን አንስተን፣ በራችንን ዘግተን፣ ቀስ ብለን እንወጣለን። ባለፈው ዓመት በሠፈራችን ቤት ሲቃጠልም ጡሩምባው ተነፋ። እኛም እንደ ልማዳችን ነጠላ ለብሰን ወጣን። ስንደርስ እሳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቷል፤ ባልዲ ይዞ የመጣው ሰው ከአምስት አይበልጥም።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አንዱ «እማማ ውስጥ ናቸው!» ብሎ ጮኸ። ሁለት ልጆች ጭሱ ውስጥ ዘለው ገቡ። እማማ ግን ቀደም ብለው በጓሮ ወጥተው ጎረቤት ቤት ተቀምጠው ነበር። የቆጠረ የለም፣ የጠየቀ የለም። አንደኛው ልጅ እጁ ተቃጥሎ ወጣ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ውኃ የምንደፋውም መብራቱ ከቆጣሪው ሳይጠፋ ነበር። ፈጣሪ አተረፈን።

እንግዲህ ለሰው መሮጥ አላነሰንም። ያነሰን፣ ስንሮጥ ማን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሰምታችኋል። ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤቱ አካፋና ዶማ ይዞ፣ ያጣውም በባዶ እጁ፣ ሊያወጣቸው ደረሰ። በመቆፈር ላይ እንዳሉ መሬቱ እንደገና ተናደና የመጡትንም ቀበረ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ለመርዳት የሄዱ ነበሩ። አጠፉ አንልም፤ እኛም ብንሆን የምናደርገው ያንኑ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻ አካፋውን ትቶ፣ ወደ ላይ እያየ እንዲጠብቅና መሬቱ ሲሰነጠቅ እንዲጮህ ቢመደብ፣ ምናልባት የሚተርፍ ይኖር ነበር።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባው ቆሼ፣ ቆሻሻው ማለት ነው፣ ቅዳሜ ማታ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። ስሙ ከከተማችን ጋር አንድ ስለሆነ ያን ሰሞን ዘመድ ሁሉ «ደህና ናችሁ ወይ?» እያለ ደወለልን። የሟቾቹ ቁጥር በየቀኑ ይጨምር ነበር። ከሥሩ ማን እንዳለ ቶሎ ማወቅ እንዲህ ይከብዳል።

የእኛ አገር ሜዳ ነው፣ ምን ይናድብናል የሚል አለ። ድሬዳዋም ሜዳ ናት። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ ነበር፤ ጎርፉ ግን በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ሰውን ሌሊት በተኛበት ወሰደው። ከጉራጌ ተራራ የሚወርደው ውኃም ወደ ዝቅተኛው አገር፣ ወደ እኛ በኩል ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ኮሚቴው ያሰበው ይህ ነው። በየዐሥር ቤቱ አንድ ቆጣሪ ይኑር። ብቻቸውን የሚያድሩ ሽማግሌዎችን፣ መራመድ የማይችል በሽተኛ ያለበትን ቤት፣ እናት ገበያ ስትሄድ ልጆች ብቻቸውን የሚቀሩበትን ቤት ይወቅ። አደጋ ሲደርስ እሱ እሳት አያጠፋም፤ ይቆጥራል። «ሁሉም ወጥቷል» ሳይል ማንም ለፍለጋ አይገባም። ሌላ ሰው መብራት ያጥፋ፣ ሌላው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውል። ጡሩምባውም ለሞት እንደ ድሮው ረጅም ይነፋ፤ ለአደጋ ግን አጭር አጭር፣ ደጋግሞ።

ከሽማግሌዎቻችን አንዳንዶቹ «ዕድር ለቀብር ነው» ብለውናል። እናከብራቸዋለን። ግን ግምጃ ቤታችንን ብትከፍቱት ድንኳን አለ፣ ድስት አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፤ አንድ መሰላል የለም። ወርኃዊው መዋጮ አይነካም። ከቀብር በመቅረት ከተሰበሰበው የቅጣት ገንዘብ መሰላል፣ አካፋና ባልዲ ይገዛ እንላለን።

በየቤታችንም የሚሠራ አለ። የጋለ ዘይት እሳት ሲይዘው ውኃ አይደፋበትም፤ ክዳን ይከደንበትና እሳቱ ከሥሩ ይጥፋ። ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል፤ ጭሱ ባይታይም። ለሞተርና ለባጃጅ ቤንዚን በጄሪካን የምታስቀምጡ፣ እባካችሁ ከመኝታ ቤት አውጡት። የበርበሬ ጆንያም ከምድጃ ይራቅ። የማረቆ በርበሬ ሲቃጠል ጭሱን ችሎ የሚጠጋ ሰው እንደማይገኝ ለእናንተ አንነግርም።

ሴቶች በዚህ ሥራ ፊት እንዲሆኑ እንፈልጋለን፤ ቀን ቀን ሠፈር ውስጥ ያሉት እነሱ ናቸው። ወጣቶች የመጀመሪያ እርዳታ የሚያውቅ ካለ ለጸሐፊው ይንገር። ጋሪና ባጃጅ ያላችሁም ተመዝገቡ።

በሚመጣው እሑድ በ9 ሰዓት በትምህርት ቤቱ ሜዳ እንለማመዳለን። ጡሩምባው አጭር አጭር ይነፋል፤ እንዳትደነግጡ። ከየቤቱ አንድ ሰው ባልዲ ይዞ ይምጣ። ነጠላ አያስፈልግም።