የት እናድራለን?

ልጁ የደም ካንሰር እንዳለበት የተነገረው አባት ከክፍለ ሀገር ተነሥቶ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲደርስ፣ ከመድኃኒቱ እኩል የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር አለ፤ ማደሪያ።

ነገሩ ተራ ይመስላል። ግን በልጆች ላይ አዘውትሮ የሚታየው የደም ካንሰር ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ አብዛኛውም በመመላለስ ነው። የትራንስፖርቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ የምግቡ ወጪ ይደራረባል። አገር ቤት ደግሞ እርሻውና ሌሎቹ ልጆች አሉ። ከጥቂት ወራት ኬሞ በኋላ ልጁ ሲቦርቅ ያየ ቤተሰብ “እግዜር ይመስገን፣ ዳነልን” ብሎ ጓዙን ቢጠቀልል ማን ይፈርድበታል? በሽታው ግን አድብቶ ሊመለስ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበለጸጉ አገሮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ካንሰር የያዛቸው ልጆች ይድናሉ፤ በብዙ ድሃ አገሮች ግን ከ30 በመቶ በታች። ሕክምና ማቋረጥ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

“ተስፋ አዲስ” የተባለው የወላጆች ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ ቤት የከፈተውም ለዚሁ ነው፤ አልጋ አለ፣ ምግብ አለ። ፀጉሯ የረገፈ ልጅ እዚያ ማንም አያፈጥባትም፤ አጠገቧ የምትጫወተውም እንደሷው ናት።