ስለ ባሕር ዛፍና ስለ ሌሎች መጤ ዕፅዋት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ለዛሬው በዓል ለክበባችን የተሰጠው የንግግር ርእስ በሕዝብ ደን ውስጥ ስለ ገቡ መጤ ዕፅዋት አያያዝ ነው። ርእሱ በተነገረን ቀን ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ንፋስ ስልክ ላይ ደን የት አለና ነው ስለ ደን የምታወሩት?» ሲሉ ሳቁብን። ሳቃቸውን አልጠላነውም፤ ጥያቄው ግን መልስ የሚገባው ስለ ሆነ ከዚያው እንጀምራለን።

ክፍለ ከተማችን ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ነው። በሰሜን ከእንጦጦ፣ በምዕራብ ከወጨጫ የሚወርደው ውሃ በየወንዙ እየተሰበሰበ ወደ ደቡብ ሲፈስ ከፊሉ በትንሹ አቃቂ በኩል ሰፈራችንን አቋርጦ ያልፋል። ላይ ተራራው ላይ የቆመው ዛፍ ምን ዐይነት እንደ ሆነ፣ ከሥሩ ያለው አፈር ልብስ ያለው ወይም ራቁቱን የቀረ እንደ ሆነ፣ በነሐሴ ወር በወንዙ ዳር የሚኖር ሰው ከጎርፉ መልክ ያውቀዋል። ስለዚህ የእንጦጦ ደን የሽሮ ሜዳና የጉለሌ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የላፍቶም፣ የለቡም፣ የሃና ማርያምም ጉዳይ ነው።

ደግሞም የሰፈራችን ስም ራሱ ከውጭ ስለ መጣ ነገር የሚናገር ነው። ንፋስ ስልክ የተባለው ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈው የራዲዮ ጣቢያ በዚህ አካባቢ በመተከሉ ነው፤ ሕዝቡም ሽቦ የሌለውን ስልክ በነፋስ የሚሄድ ስልክ ብሎ ተረጐመው። ከባሕር ማዶ የመጣውንም ዛፍ ባሕር ዛፍ አለው። ስም አወጣጡ ደስ ይለናል። እንግዳውን ከወዴት እንደ መጣ ሳይደብቅ ቤተኛ ያደርገዋልና።

ይህ ዛፍ እንዴት እንደ መጣ ባጭሩ እናስታውስ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ነዋሪው በዙሪያው የነበረውን ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየቈረጠ ጨረሰው። እንጨት ፍለጋ የሚኬደው መንገድ ከዓመት ዓመት እየራቀ ሄደ። ቀድሞ ነገሥታቱ እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥማቸው ሰፈራቸውን ነቅለው እንጨት ወዳለበት ይዛወሩ ነበርና፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። ይሁን እንጂ የአውስትራልያው ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገብቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ችግኙ በርካሽ እንዲታደልና ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን ስላደረጉ፣ ሰው ሁሉ በየግቢው ተከለው። ሌላው ዛፍ በሠላሳና በአርባ ዓመት የማይደርስበትን ቁመት እሱ በጥቂት ዓመት ደረሰበት። አዲስ አበባም እዚሁ ቀረች።

ይህን የምንናገረው ዛሬ ባሕር ዛፍን መስደብ ዕውቀት ለሚመስላቸው ሁሉ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የከተማይቱ ማገዶ እሱ ነው፤ የጭቃ ቤቱ ምሰሶና ማገር እሱ ነው፤ በጀሞና በለቡ ፎቅ ሲሠራ ሠራተኛው የሚቆምበት አጣና እሱ ነው፤ ጉንፋን ሲይዘን እናቶቻችን አፍልተው የሚያጥኑን ቅጠልም የእሱ ነው። ጥድና ወይራው ተቈርጦ ያለቀው እሱ ከመምጣቱ በፊት ስለ ሆነ፣ ያንን ጥፋት በእርሱ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው።

በሌላ ወገን ግን በእርሱ ላይ የሚቀርበው ክስ የዛሬ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1913፣ ምንጮችን እያደረቀ ነው ተብሎ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀልና በምትኩ የሐር ትል የሚመገበው የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ዐዋጅ ወጥቶ ነበር። ዐዋጁ ግን በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። እኛ እንደሚመስለን ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በእንጆሪ እንጀራ አይጋገርም።

አሁን ወደ ቃላቱ እንምጣ። «መጤ» ማለትና «ወራሪ» ማለት አንድ አይደለም። መጤ የሚባለው ሰው ከሌላ አገር ያመጣው ዕፅ ነው። በቆሎ፣ ድንች፣ በርበሬ ሁሉም ከአሜሪካ የመጡ መጤዎች ናቸው፤ በርበሬን ግን ወራሪ ብሎ የሚከስ ኢትዮጵያዊ እስካሁን አላጋጠመንም። ወራሪ የሚባለው ሰው ሳይተክለው ራሱን እያራባ የሌላውን ዕፅ ቦታ የሚነጥቅ፣ ሰውንና እንስሳን የሚጐዳ ነው። ባሕር ዛፍ በሁለቱ መካከል የቆመ ይመስለናል። ተራራውን የያዘው በአብዛኛው በሰው እጅ ተተክሎ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ሥር ከሰደደ በኋላ በቀላሉ አይለቅም። ብዙ ሰው ያጠፋው መስሎት ይቈርጠዋል፤ ክረምቱ ሲገባ ከዚያው ጉቶ ዙሪያ ብዙ ቀንበጥ ተሰልፎ ይነሣል። ለአጣና ነጋዴ ይህ በረከት ነው፤ አንድ ጊዜ ተክሎ ደጋግሞ ይቈርጣልና። በዚያው መሬት ላይ ወይራና ጥድ ለመመለስ ለሚያስብ ግን ፈተና ነው።

የወራሪ ዕፅ ትክክለኛውን መልክ ለማየት ወደ አፋር መሄድ ያስፈልጋል። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ በመካከለኛው አዋሽ አካባቢ የተተከለው በመልካም አሳብ ነበር፤ በረሃውን እንዲያለብስ፣ ነፋሱን እንዲገታ፣ ጥላ እንዲሆን ነው። ፍየሉና ከብቱ ጣፋጩን ፍሬ በልተው ዘሩን ከፋንድያቸው ጋር በየሄዱበት ዘሩት። ዛሬ በአፋር ክልል የያዘው መሬት ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደ ሆነ ይገመታል፤ የግጦሹን ሣር አጥፍቶ፣ የውሃ መውረጃውን መንገድ ዘግቶ፣ አርብቶ አደሩን ከገዛ አገሩ ገፍቶታል። አፋሮች ዛፉን የደርግ ዛፍ ብለው ይጠሩታል ይባላል፤ በዚያ ዘመን ስለ ተስፋፋ ነው። ልብ በሉ፤ ይህን ዛፍ ያመጣው ጠላት አይደለም፤ ችግኝ አፍልቶ፣ ጉድጓድ ቈፍሮ፣ አጠጥቶ ያሳደገው ሰው ነው።

የውሃውም ወራሪ እንዲሁ ነው። እምቦጭ በኢትዮጵያ መታየቱ የተመዘገበው በ1957 ዓ.ም. በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በጣና ላይ ታየ። ጣና ሲነካ አገር ሁሉ ጮኸ፤ ገበሬውም ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው። ይሁን እንጂ ለእኛ የሚቀርበው እምቦጭ ያለው ጣና ላይ አይደለም፤ ከዚህ በታች በአባ ሳሙኤል ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የሚገናኙበት ይህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኀይል ማመንጫ የተሠራበት ነው። እምቦጩ እዚያ እንዲህ የሚወፍረው የከተማችን ፍሳሽ፣ ይኸውም የቤቱም የፋብሪካውም ቈሻሻ፣ እንደ ማዳበሪያ ስለሚቀልበው ነው። በመንደራችን ወንዝ ላይ የምንጥለው ሁሉ ተመልሶ ቅጠልና አበባ ሆኖ እዚያ ይጠብቀናል። አበባው ያምራል፤ ይህን አንክድም።

ከእምቦጭ ይልቅ ቅርብ የሆነውን ደግሞ በየአጥራችን እናገኘዋለን። የወፍ ቆሎ የምንለው፣ አበባው ቢጫና ቀይ ሆኖ ቅጠሉ ሲታሸት የሚሸተው ቍጥቋጦ ከአሜሪካ ሞቃት አገሮች ለጌጥ የወጣ ነው። ከብት አይበላውም፤ ስለዚህ ለአጥር ይመረጣል። ወፎች ግን ጥቁሩን ፍሬ ይበሉና ዘሩን በየወንዙ ዳርና በየደኑ ጠርዝ ይጥሉታል። በግል አጥር የተተከለ ነገር በሕዝብ መሬት ላይ የሚበቅለው እንዲህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጤ ሁሉ ይቈረጥ የሚል መልስ ይቀናል፤ ነገር ግን በአቀበት ላይ የቆመን ባሕር ዛፍ በአንድ ጊዜ መመንጠር ማለት ለሰኔው ዝናብ ተራራውን ራቁቱን መስጠት ማለት ነው። ፈይራ ሰንበታና ደመል ተክታይ የተባሉ የአገራችን ሊቃውንት በመናገሻ ሱባ ደን ባደረጉት ጥናት፣ በተተከለው ባሕር ዛፍና በፈረንጅ ጥድ ጥላ ሥር ነባር ዛፎቻችን ራሳቸውን እየዘሩ እንደሚበቅሉ በ1993 ዓ.ም. ገደማ አሳይተዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። መጤው ዛፍ፣ በአጠገቡ ዘር የሚሰጥ ነባር ደን ካለና ሰው ከሥሩ ያለውን ካልረገጠው፣ ለነባሩ ሞግዚት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚሻለው እያሳሱ መቍረጥ፣ ብርሃን በገባበት ነባሩን መትከል፣ ቀንበጡን ደግሞ ጉቶው እስኪደክም ድረስ በየጊዜው መገንጠል ነው። ጉቶውን ቈፍሮ ማውጣት ፈጥኖ ይጨርሳል፤ ነገር ግን ጕልበት ይፈጃል፤ በዳገት ላይም አፈሩን ያናጋል።

በእንጦጦ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር፣ በኋላም የጉለሌ ዕፅዋት ማእከል ይህንኑ ባሕር ዛፍ በአገር ዛፍ የመተካት ሥራ ጀምረዋል። ሥራው ዘገምተኛ ነው፤ ዘገምተኛ መሆኑ ግን ነቀፋ አይደለም፤ የጥድ ችግኝ በባለ ሥልጣን ትእዛዝ አያድግምና።

ስለ ሴቶቹ ሳንናገር ብንወርድ ንግግራችን ጐደሎ ይሆናል። ከእንጦጦ ተዳፋት ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ቅጠልና ጭራሮ አጐንብሰው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ሁላችሁም አይታችኋል። ደረቁን ቅጠል ከመሬት ጠርገው ስለሚወስዱ አፈሩ ልብሱን ያጣል፤ በባሕር ዛፍ ከምናሳብበው ጎርፍ ከፊሉ የሚመጣው ከዚህ መጠረግ የተነሣ ነው። ታዲያ ጥፋቱ የእነርሱ ነውን? ያንን ቅጠል የሚገዛው የከተማው ምድጃ ነው፤ እንጀራችን የተጋገረበት ነው። ጥበቃ ቆሞ ቢከለክላቸው ደኑ ለጊዜው ያርፋል፤ የልጆቻቸው ራት ግን ከየት ይመጣል? በዚህ ነገር ክበባችን ሁለት ተከፍሎ ብዙ ተከራክሯል። በመጨረሻ የተስማማነው፣ ደኑን የማልማት ሥራ፣ ይኸውም ችግኝ ማፍላቱ፣ ቀንበጥ መገንጠሉ፣ ጥበቃው፣ በደመወዝ ለእነርሱ ይሰጥ በሚለው ነው። ከማንም ይልቅ ተራራውን በእግራቸው ያውቁታልና።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብና የማኅበር ደን እንዲኖር ይፈቅዳል። ይህ እንግዲህ መንገድ ከፋች ነው፤ ተደራጅተው ለሚጠይቁ ሴቶች መልሱ በወረቀት ላይ አለ።

በእኛ በኩል የምንጠይቀው ጥቂት ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ተከላ በየክረምቱ ወደ ሰፈራችን ሲመጣ፣ ስንት ችግኝ ተተከለ ብቻ ሳይሆን ምን ችግኝ ተተከለ ተብሎ ይጠየቅ። ኮሶ የእንጦጦን ብርድ ይወዳል፤ ለእኛ ዝቅተኛ መሬት ወይራ፣ ግራር፣ ብሳናና ዋንዛ ይሻላሉ። የወፍ ቆሎ አጥር ያላችሁ ወላጆች ፍሬ ሳይቋጥር ብትከረክሙት፣ ብትችሉም ብትነቅሉት ደስ ይለናል፤ ለመንቀሉ እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ እንመጣለን፤ ዶማ ግን የላችሁም እንዳትሉን።

በግቢያችን በስተ ጀርባ ካለው አሮጌ ባሕር ዛፍ አጠገብ በዚህ በዓል ምክንያት 12 የወይራ ችግኞች ይተከላሉ። ባሕር ዛፉን አንቈርጠውም፤ ችግኞቹ ከሰው ቁመት እስኪያልፉ ድረስ ከነፋስ ይከልላቸው ብለናል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ውሃ የማጠጣቱ ተራ በየክፍሉ ተደልድሎ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ የገና ዕረፍት ሳምንታት ብቻ ባለቤት ስላላገኙ፣ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከዚህ ስትወጡ ስማችሁን በዚያው ላይ ጻፉልን።