መግል የቋጠረ ጥርስ

ሙያዬ እርሻ ቢሆንም፣ «አጨዳው ይለቅ» እየተባለ የሚታለፍ የጥርስ ሕመም ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል ዛሬ ይህንኑ እነግራችኋለሁ።

መግል የቋጠረ ጥርስ ይጠዘጥዛል፤ ሲያኝኩበት ያማል፤ ድዱ ያብጣል፤ አፍ ይሸታል፤ ትኩሳትም ሊከተል ይችላል። ሕመሙ በድንገት ቢተው ዳነ አትበሉ፤ የጥርሱ ነርቭ ሞቶ ይሆናል እንጂ መግሉ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። ውጭው ደህና መስሎ ውስጡን ነቀዝ የጨረሰውን እህል ታውቁ የለምን?

በጋለ ብረት አትተኩሱት፤ በመርፌም አትውጉት። ለብ ባለ የጨው ውሃ እየተጉመጠመጣችሁ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። መድኃኒት መዋጥ ብቻውን አይበቃም፤ ጥርሱ መታከም ወይም መነቀል አለበት።

እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከተዛመተ፣ መዋጥ፣ አፍ መክፈት ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ሌሊትም ቢሆን በሽተኛውን ወደ ሆስፒታል አድርሱ። አዝመራውን ጎረቤት በደቦ ይሰበስበዋል።