ባለቤት የሌለው ጦርነት



«ጦርነት ፈነዳ» እንላለን። እንደ ጎማ፣ በራሱ ጊዜ። እኛ ዜና አንባቢዎች ይህችን አነጋገር እንወዳታለን፤ አጭር ናት፣ ማንንም አታስቀይምም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ግን የፈነዳ ነገር አልነበረም። የጣሊያኑ ጄኔራል ደ ቦኖ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያ ገባ። ያውም ሳያውጅ።

ከዚያ በፊት ነገሩ በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ወረቀቶች ላይ «የኢትዮጵያና የጣሊያን ውዝግብ» ነበር፤ በአውሮፓ ጋዜጦች ደግሞ «የአቢሲኒያ ቀውስ»። ቀውሱን ያመጣችው ሮም፣ ስሙን የተሸከመችው ኢትዮጵያ! የሙሶሊኒ ጋዜጦች «ሥልጣኔ ልናስገባ፣ ባርነትን ልናጠፋ ነው» ሲሉ ቢያንስ ለማን እንደሚናገሩ ይታወቃል። እኔን የሚከነክነኝ የጨዋዎቹ ቃል ነው፤ ሚዛናዊ የሚመስለው።

ወልወል የተባለችውን ቦታ ውሰዱ። የጣሊያን ወታደሮች ከወሰኑ ርቀው ወደ ኢትዮጵያ ምድር ገብተው ምሽግ ሠርተው ተቀምጠዋል። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. እዚያው ላይ ተኩስ ተከፈተ። ዜናው «ግጭት» አለው። ግጭት ሲባል ሁለት ተጋጪ እንጂ ሰርጎ ገብና ባለአገር አይታይም። (እኛም ብንሆን እስከ ዛሬ «የወልወል ግጭት» ነው የምንለው።) ካሳ ይከፈለኝ፣ ይቅርታም ልጠየቅ ያለችው ደግሞ ጣሊያን! ጉዳዩን የመረመረው የሽምግልና ኮሚሽን ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ፈረደ፤ ሁለቱም ጥፋተኛ አይደሉም። መረብ ሊደፈር የቀረው አንድ ወር ነበር።

«ሁለቱ ወገኖች» የሚለው አባባልም ከጋዜጣ ወጥቶ ወደብ ላይ ሥራ ጀመረ። ሐምሌ 1927 ዓ.ም. እንግሊዝ ለሁለቱም መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለች። ወረራው ከተጀመረ ከሁለት ቀን በኋላ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትም ያንኑ አደረጉ። እኩል እገዳ፣ በወረቀት ላይ ሲያዩት ፍትሕ ይመስላል። ጣሊያን አውሮፕላኑንም የመርዝ ጋዙንም በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ ጥይቷን የምትገዛው ከባሕር ማዶ ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር ምክር ቤት ጥፋቱ የጣሊያን ነው ያለው መስከረም 26 ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ለኢትዮጵያ መሣሪያ መሸጥ ይቻላል ተባለ። የትኞቹን ወራት ሊመልስ?

አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ቃሉ እንደገና ተለወጠ። በሮም ቋንቋ ጦርነቱ አልቋል፤ አሁንም የሚዋጋ ሁሉ «ዓመፀኛ»፣ «ሽፍታ» ነው። ይህ ስድብ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ምርኮኛ የጦርነት ሕግ ይጠብቀዋል፤ ዓመፀኛን ግን ማን ይጠይቅለታል? ግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ለጦር አዛዡ ለግራዚያኒ ቴሌግራም ላከ፤ የተማረኩ ዓመፀኞች ሁሉ ይረሸኑ የሚል።

ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ግንባር ጦር የመሩ የአንድ ሉዓላዊ አገር አዛዥ ነበሩ። የካቲት 1929 ዓ.ም. ተያዙ። በዚያው ወር፣ በዚያው «ዓመፀኛ» በሚለው ስም፣ ተረሸኑ።