ዘይት የሚበላ ሞተር ሳይመረመር አይፈረድበት



በጣና ዙሪያ በአቧራ መንገድ የሚሠራ አሮጌ ባለቤንዚን ላንድክሩዘር ዘይት መብላት ሲጀምር፣ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ፍርድ «ሞተሩ ይውረድ» የሚል ነው። ይህ ፍርድ የቤተሰብ መተዳደሪያን የሚነካ ስለሆነ ምርመራ ሊቀድመው ይገባል።

በመጀመሪያ ወደ ውጭ የሚፈስ ዘይት አለመኖሩ ይረጋገጥ። ሞተሩ አድሮ ሲነሣ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ከታየ የሚጠረጠሩት የቫልቭ ጎማዎች ናቸው፤ እነርሱም ሞተሩ ሳይወርድ ይለወጣሉ። ጭሱ በዳገትና በጭነት ከበረታ ግን ጥርጣሬው ወደ ፋሻው ያመራል።

ከዚያም የየሲሊንደሩ ግፊት ይለካ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ መለኪያውም በዚያው መጠን ዝቅ ይላል። ለባሕር ወለል በተጻፈ ቁጥር ብቻ የሚፈርድ ባለሙያ ጤነኛውን ሞተር በሽተኛ ያደርገዋል። ስለዚህ ሲሊንደሮቹ እርስ በርሳቸው ይነጻጸሩ። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ተጨምሮ ግፊቱ በግልጽ ከጨመረ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል፤ ካልጨመረ ቫልቮቹ ይታዩ።

የአየር ማጣሪያው አቧራ የሚያሳልፍ ከሆነ አዲሱም ፋሻ ዕድሜ አይኖረውም።

ባለንብረቱ የሚያምነው ቃላችንን ነው፤ ቃላችንም በመለኪያ የተደገፈ ይሁን።