የአስቴር ጋኖ ረጅም ዕድሜ፦ ቃልን ስላቀበለች አንዲት አማኝ



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው አስቴር ጋኖ ስለተባሉ የሉተራን እምነት ተከታይ ሕይወት ነው። አስቴር የጋሞ ልጅ አይደሉም። ይሁን እንጂ ሕይወታቸው የሚያነሣው ጥያቄ አርባ ምንጭ ለምንገኝ የቋንቋና የባህል አጥኚዎች እጅግ ቅርብ ነው። የአንድ ሕዝብ ቃል ወደ መጽሐፍ ሲሸጋገር፣ ቃሉን ያቀበለው ሰው ስም የት ይቀራል? ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

አስቴር የተወለዱት በ1870ዎቹ መጀመሪያ ነው። ነጻ ሆነው ተወልደው፣ በልጅነታቸው በሊሙ እናርያ ለባርነት ተዳረጉ። በ1886 ወደ የመን ያጓጉዛቸው የነበረውን ጀልባ ጣልያኖች በባሕር ላይ ያዙት። አስቴርም ነጻ ወጥተው፣ ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ።

በዚያ ዘመን አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ለመተርጎም ይደክሙ ነበር። አናሲሞስ በስዊድን የተማሩ ሊቅ ናቸው። ሆኖም እርሳቸውም በሕፃንነታቸው ከወገናቸው ተነጥለው የተሸጡ ስለነበሩ፣ የአዋቂዎችን ቋንቋ በሙላት የሚቀስሙበት ዕድል አልነበራቸውም። ይህን ጉድለት የሞሉት አስቴር ናቸው። ለትርጉሙ የሚያገለግል መዝገበ ቃላት አሰናዱ። ወደ 500 የሚጠጉ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን በቃላቸው ከያዙት ጻፉ። ከነዚህ ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በግእዝ ፊደል ታተመ። ሙሉው ትርጉም የታተመው በስዊስ አገር፣ በቅዱስ ክሪሾና ነው።

ማርቲን ሉተር በ1530 ስለ ትርጉም በጻፈው ደብዳቤ፣ ተርጓሚ ቋንቋን ከላቲን ፊደላት ሳይሆን ከቤት እመቤቲቱ፣ ከመንገድ ልጆችና ከገበያተኛው አፍ መማር እንዳለበት ያስገነዝባል። በእምኩሉ ግን ከዚህ የላቀ ነገር ሆነ። ቋንቋውን የምታውቀው ሴት ተጠይቃ የምትሸኝ መረጃ ሰጪ አልነበረችም። ብዕር ይዛ ከተርጓሚው ጎን ተቀምጣለች። እንዲህም ሆኖ ትርጉሙ በአናሲሞስ ስም ሲታወቅ፣ አስቴር ሲጠሩ ብዙ ጊዜ «ረዳት» ተብለው ነው። የአናሲሞስን ክብር መቀነስ አልሻም፤ ክብራቸው የተገባ ነው። ነገር ግን ያለ እርሳቸው ሥራው መልኩን የማያገኝ ሰው «ረዳት» የሚለው ቃል አይበቃቸውም።

በ1904 አስቴር ከአናሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ ተመለሱ። በነቀምቴም አስተማሪ ሆነው አገለገሉ። አናሲሞስ በ1931 አረፉ፤ አስቴር ግን ከዚያ በኋላ 33 ዓመት ኖሩ። የጣልያንን ወረራ አሳለፉ፤ በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በአገር አቀፍ ደረጃ ስትመሠረት በሕይወት ነበሩ። ያረፉት በ1964፣ ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነው።

ታሪክ ጸሐፊዎች በእምኩሉ የነበራቸውን ቆይታ አብዝተው ይጽፋሉ፤ በወለጋ ያሳለፏቸውን 60 ዓመታት ግን በጥቂት መስመር ያልፏቸዋል። መታተም ዓመተ ምሕረት አለው፤ ማስተማር ግን የሚቀረው በተማሪው ላይ ነው። እኔ የአስቴርን ጽኑ እምነት የማየው ከሁሉ ይልቅ በነዚያ 60 ዓመታት ነው። ሰው ሁሉ መጽሐፉን በገዛ ቋንቋው ማንበብ አለበት ብሎ የሚያምን፣ የታተመውን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ማፍራት አለበት። አስቴር መጽሐፉ እንዲወለድ ከደከሙ በኋላ፣ ቀሪ ዘመናቸውን ለአንባቢው ሰጡ።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገሩን ወደ እኛ ደጅ ላምጣው። በጋሞ ደጋማ ቀበሌዎች እንሰት የሚፍቁትና ቆጮ የሚያዘጋጁት ሴቶች ናቸው፤ ለሸማኔው ጥጥ የሚፈትሉትም እነርሱ ናቸው። የእንሰቱ ዓይነት፣ የመፋቂያው መሣሪያ፣ የፈትሉ ደረጃ በጋሞኛ የየራሱ ስም አለው፤ ያንንም ስም ጠንቅቀው የሚያውቁት የሥራው ባለቤቶች ናቸው። እኛ ግን ለጥናት ስንወጣ ቀድመን የምንሄደው ወንዶች ሽማግሌዎች ወደሚሰበሰቡበት ዱቡሻ ነው። ወደ እናቶች ጓሮ ብንዘልቅም፣ በጽሑፋችን «አንዲት የአካባቢው እናት» ብለን እናልፋቸዋለን። ስማቸው እንዲሰወር የፈለጉትን ፈቃዳቸውን ማክበር ግዴታችን ነው። ስማችሁ ይጻፍ ወይ ብለን ሳንጠይቅ መሰወር ግን ጥንቃቄ ሊባል አይችልም፤ የሰውን ድካም የራስ ማድረግ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የቃላት ስብስብ ስታዘጋጁ የባለቃሉን ፈቃድ ጠይቁ፤ ከፈቀዱ ስማቸውን ከቃሉ ጋር መዝግቡ። ሁለተኛ፣ ያጠናቀራችሁትን የሰበሰባችሁበት ቀበሌ ድረስ መልሳችሁ አድርሱ። አስቴር ጋኖ የሕዝባቸውን ቃል ከባሕር ዳር ወደ ወለጋ መልሰው ወስደዋል። እኛ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻና ዶርዜ ለመውጣት መንገዱ አይርቅብንም።